መሶቡ ሞልቶ «ዛሬ የለም» አልሁት

የጨሞጋ ልጅ
ደብረ ማርቆስ፤ ኅዳር 18፣ ማታ 3፡20

በዚህ መድረክ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ ሆኜ አላውቅም። ዛሬ ግን የምጠይቀው ሰው አጣሁ። የንስሐ አባታችን ገጠር ወርደዋል፤ ወንድሜን ብጠይቀው ደግሞ ጭራሽ ግራ አጋብቶ ለቀቀኝ።

እናቴ ስትሮክ ጥሏት አልጋ ላይ ከዋለች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ቀኝ ጎኗ አይሠራም፤ አንደበቷም ከሁለት ከሦስት ቃል በላይ አይታዘዝላትም። የማገላብጣት፣ የማለብሳት፣ የማጎርሳት እኔ ነኝ። ጤነኛ ሳለች እንጀራ በጋገረች ቁጥር አንዷን «የማርያም» ብላ ለብቻ ታስቀምጥ ነበር። ጠዋት የቆሎ ተማሪ ከደጃፋችን ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ያቺ እንጀራ ትወጣለች፤ ወጥ ካለ በወጥ፣ ከሌለ በበርበሬ። እርሷ ከተኛች ወዲህም ልማዱን አላቋረጥሁም።

ከትናንት በስቲያ እናቴ ስታቃስት አድራ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ልጁ መጣ። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ደበሎው ከእርሱ ይሰፋል። በሩን ገርበብ አድርጌ «ዛሬ የለም፣ እግዚአብሔር ይስጥህ» አልሁት። መሶቡ ሙሉ ነበር። ልጁ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ። ምን ሰጥቼው እንደሚያመሰግነኝ እንጃ። ዞር ስል እናቴ በደህናው እጇ የአልጋውን ብረት ትደበድባለች፤ እንባዋ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል።

ማታ ባሕር ዳር ላለው ወንድሜ ደውዬ ነገርሁት። ክፉ ሰው አይደለም፤ የመድኃኒቷን ብር በየወሩ የሚልከው እርሱ ነው። «እማማ ድሮም የምትሰጠው ለልጁ አልነበረም፤ ለነፍሷ ነው» አለኝ። «ልጁ ለእርሷ ወደ መንግሥተ ሰማያት የሚያወጣ መሰላል ነው፤ መሰላልን ደግሞ ማንም አይወድም። እኔ ለሰው የምሰጠው ሰው ስለሆነ ብቻ ነው። የማንኛችን ይሻላል?» መልስ አጣሁ። ትእዛዙ «እግዚአብሔር አምላክህን በፍጹም ልብህ ውደድ» ይላል። ፍጹም ከተባለ፣ ልብ ሙሉውን ወደ ላይ ከሄደ፣ ለዚያ ልጅ ምን ይተርፈዋል?

አንድ ነገር ልጨምር፤ የሚያውቀኝ ሰው በሌለበት መናገር ይቀላል። ርኅራኄዬ እያለቀ ነው። ሌሊት እናቴ ስትጣራ የተኛሁ መስዬ ዝም የምልበት ጊዜ አለ።


ባለ አኩፋዳ
ደንበጫ፤ ኅዳር 18፣ ማታ 4፡05

እህቴ፣ እኔ ከደጃፉ በውጭ በኩል ቆሜ ያደግሁ ሰው ነኝ። ቅኔ የቆጠርሁት ዋሸራ ነው፤ ዛሬ አማርኛ አስተምሬ እኖራለሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽና ይቅለልሽ፦ «ዛሬ የለም» ያልተባለ ተማሪ በጎጃም ምድር የለም። ልጁ ቂም አልያዘብሽም። የተማሪ ቂሙ ከውሻ ጋር ነው።

ስለ መሰላሉ ግን ወንድምሽ ግማሹን እውነት ይዟል፤ ይህን የምለው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከደጃፍ ነው። ቁራሹን በበሩ ስንጥቅ አውጥተው ፊታችንን ሳያዩ የሚዘጉ ቤቶች ነበሩ። ሻጋታ ያወጣውን ለእኛ አቆይተው «ለነፍሴ» የሚሉም ነበሩ። ለእነርሱ በእርግጥ መሰላል ነበርሁ። ኮቸሮውን ውኃ ነክረን ስንበላ ከየትኛው ቤት እንደ መጣ በጣዕሙ እንለየው ነበር ብል አታምኚኝም።

ከሁሉ የማልረሳት ግን አንዲት ባልቴት አለች። እርሷ ደጃፍ ስንደርስ ቀድማ የምትወጣው ራሷ ናት፤ ውሻዋን አንገቱን ይዛ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ «አገርህ ወዴት ነው? እናትህ አለች?» ትላለች። መልሱን ሰምታ ነው ምግቡን የምታወጣው። በዝናብ ቀን ይህ ጥያቄ ያናድድ ነበር። አንድ ቀን «እማማ፣ ለሁላችንም ይህን ለምን ይጠይቁናል?» አልኋት። «ልጄ አዲስ አበባ ነው» አለችኝ። «ከእርሱ ዘንድ ሰው የመጣ እንደሆነ ሳላስቀምጥ፣ ሳላጫውት አልሰድም። አንተም የእመቤቴን ስም ይዘህ መጣህ፤ ከእርሷ ዘንድ የመጣ ሰው ነህ። እንዴት ዝም ብዬ እሰድሃለሁ?»

እንግዲህ ይህችን ሴት «የምትወደው ማርያምን እንጂ አንተን አይደለም» ልትሉኝ ትችላላችሁ። እኔ የማውቀው የማርያምን ስም ባትወድ ኖሮ አገሬንና እናቴን እንደማትጠይቀኝ ነው።


ሰላም ለሁሉ
ኅዳር 18፣ ማታ 4፡11

እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። አንቺንም ያበርታሽ።


ገለልተኛ
ባሕር ዳር፤ ኅዳር 18፣ ማታ 5፡30

የጠያቂዋ ወንድም አይደለሁም፤ ብሆን ግን ደስ ይለኝ ነበር። የልጅነቴን አንድ ነገር ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ። ዳንግላ አካባቢ አንድ አጎቴ ሁለት ዓመት ታሞ ተኛ። ሽንቱን የሚደፋለት ሰው በወረፋ እንኳን አልተገኘም፤ ሁሉም «ቅዳሴ አለብኝ፣ ማኅበር አለብኝ» ይል ነበር። ሲሞት ግን ለአርባው ተዝካር ሁለት በሬ ወደቀ፤ ድንኳን ተተከለ፤ ጠላው በጋን ተጠመቀ። «ለነፍሱ» ተባለ። ነፍሱ በሥጋው ውስጥ ሳለች አንድ ማንኪያ አጥሚት የነፈጓት ሰዎች!

በወንጌሉ በወንበዴ የተደበደበውን ሰው አይተው ያለፉት እነማን ናቸው? ካህኑና ሌዋዊው። እግዚአብሔርን መውደድ ሥራቸው የነበረ ሰዎች! ያነሣው ሃይማኖቱ የተነቀፈ ሳምራዊ ነው። ሐዋርያው ዮሐንስም «ያየውን ወንድሙን የማይወድ ያላየውን እግዚአብሔርን ሊወደው እንዴት ይችላል?» ይላል። እንግዲህ የሚቀድመው የሚታየው ሰው ነው። ሰውን ውደዱ፤ የቀረው ቢኖርም ባይኖርም ግድ የለም።


መምሬ ዘእነማይ
ብቸና፤ ኅዳር 19፣ ጠዋት 1፡40

ገለልተኛ፣ ልጄ፣ ስለ አጎትህ እግዚአብሔር ያጽናህ። ያ ተዝካር ያሳፍረናል፤ የምከላከልለት ነገር የለኝም። አፈ ወርቅ ዮሐንስ በማቴዎስ ወንጌል ስብከቱ፣ ክርስቶስ በውጭ በብርድ ሲንቀጠቀጥ መቅደሱን በሐር ብታስጌጡለት ምን ይጠቅመዋል ብሎ ገሥጿል፤ አስቀድማችሁ የተራበውን አጥግቡ፣ ከዚያ በተረፈው ማዕዱን አስጊጡ ነው የሚለው። ይህን ያለው ከመቅደሱ ቆሞ የሚቀድስ ሰው ነው፤ ይህን እንዳትረሳ።

ስለ ካህኑም ልንገርህ። አንዳንድ ሰባኪ «ሬሳ ነክቶ እንዳይረክስና ከአገልግሎት እንዳይቀር ፈርቶ ነው» ብሎ ሊያግዘው ይሞክራል። ሉቃስ ግን «ወረደ» ነው የሚለው። ኢየሩሳሌም ከላይ ናት፣ ኢያሪኮ ከታች፤ ካህኑ ከመቅደስ ሲመለስ እንጂ ሲሄድ አልነበረም። ሰበብ የለውም። እኔም የለኝም። በአንድ ክረምት ለኪዳን ስገሠግሥ ከቦይ የወደቀ ሰካራም አይቼ «ይረፍድብኛል» ብዬ አለፍሁ። ስመለስ አንድ ሙስሊም የበሬ ነጋዴ ጋቢውን አልብሶት፣ ጭንቅላቱን በጭኑ ይዞት አገኘሁ። ከሃያ ዓመት በፊት ነው፤ ዛሬም ያን ወንጌል በማነብበት ቀን ድምፄ ይሰልላል።

አሁን ወደ ልጄ ጥያቄ፣ «ለልጁ ምን ይተርፈዋል» ወዳልሽው። ልብ እንደ መሶብ ቢሆን ጥያቄሽ ልክ ነበር፤ ለአንዱ የተቆረሰ ለሌላው ይጎድላል። ነገር ግን ራስሽን መርምሪ፦ ከእግዚአብሔር የምናስቀረው የልባችን ክፍል መቼ ለድሃ ደርሶ ያውቃል? ለራሳችን ነው የምናስቀረው። ያ ልጅ ከደጃፍሽ ሲመለስ የወሰደበት እግዚአብሔር አልነበረም፤ ድካምሽ ነው፣ ለድካምሽም አልፈርድም። «በፍጹም ልብህ» የተባለው ከድሃው ድርሻ እንዲቀነስ ሳይሆን «የእኔ» ብለን ከቆለፍንበት ክፍል በሩ እንዲከፈት ነው።

ጌታን የጠየቁት አንድ ትእዛዝ ነበር፤ «ከሁሉ ፊተኛይቱ ማናት?» ነው የተባለው። እርሱ ግን ሳይጠየቅ ሁለተኛይቱን ጨመረ፤ በማቴዎስም «ይህችን ትመስላለች» አለ። አፍቅር ቢጸከ ከመ ነፍስከ፤ ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ። እግዚአብሔርን መውደድ ለሰው ለመንፈግ ሰበብ እንዳይሆንም ቀድሞ ዘግቶታል፤ «እናትና አባቴን የምጦርበት ለእግዚአብሔር የተሰጠ ቁርባን ሆኗል» የሚሉትን በማርቆስ ሰባተኛው ምዕራፍ እንዴት እንደ ገሠጻቸው አንብቢ። ስለዚህ የአጎትህ ዘመዶች፣ ልጄ ገለልተኛ፣ እግዚአብሔርን አብዝተው ስለ ወደዱ አይደለም የጨከኑት። ገና አልጀመሩም።

«ለነፍሴ» ስለሚባለውም አባቶች የተናገሩት ነገር አለ። ታላቁ ባስልዮስ ትእዛዝን የሚፈጽም ሰው በሦስት ልብ ይፈጽማል ይላል፦ እንደ ባርያ ቅጣት ፈርቶ፣ እንደ ቅጥረኛ ደመወዝ ፈልጎ፣ እንደ ልጅ አባቱን ወዶ። ለነፍሱ የሚሰጥ ቅጥረኛ ነው፤ ቅጥረኛም ቢሆን ከቤቱ አይባረርም። ነገር ግን ቅጥረኛ ሆኖ ገብቶ ልጅ ሆኖ የሚወጣ አለ። እናትሽ በየትኛው ልብ እንደምትሰጥ ወንድምሽ በምን አወቀ? አንደበት የሌላት ሴት ለማታውቀው ተማሪ የአልጋ ብረት እስክትደበድብ ካለቀሰች፣ ደመወዝ የጎደለባት ሠራተኛ ናት?


የጨሞጋ ልጅ
ኅዳር 19፣ ቀን 6፡15

አባታችን፣ የመጨረሻዋን ጥያቄዎን ለወንድሜ ልኬለታለሁ። እስካሁን ዝም ብሏል። ለእርሱ ዝምታ ብርቅ ነው።


ጣና ዳር
ባሕር ዳር፤ ኅዳር 19፣ ማታ 2፡00

እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ፤ በእንግድነት ገባሁ። ገለልተኛ የጠቀሰው የዮሐንስ ቃል ከፊቱ አንድ ቁጥር አለው፤ «እርሱ አስቀድሞ ወዶናልና እኛ እንወደዋለን» ይላል። ዮሐንስ የሚታየውን ሰው ያስቀደመው እንደ ምንጭ አይደለም፤ እንደ መፈተኛ ነው። ወርቅ በደንጊያ ይፈተናል፤ ደንጊያው ግን ወርቁን አልወለደውም።

እህታችን ያነሣችው ሒሳብ ከእርሷ በፊት ተሰልቷል። በቢታንያ፣ በለምጻሙ በስምዖን ቤት፣ አንዲት ሴት ሽቱ አምጥታ በኢየሱስ ላይ አፈሰሰች። «ከሦስት መቶ ዲናር በሚበልጥ ተሽጦ ለድሆች ሊሰጥ ይቻል ነበር» ተባለ። የአንድ ቀን የጉልበት ሠራተኛ ዋጋ አንድ ዲናር ነበር፤ ስለዚህ የዓመት ደመወዝ የሚያህል ነው። ለእግዚአብሔር የፈሰሰው ለድሃ ጎደለ ማለት ነው፤ ሒሳቡ ልክ ይመስላል። ዮሐንስ ግን ያንን ሒሳብ ያቀረበው ይሁዳ እንደ ነበረ፣ የተናገረውም ለድሆች ተገድዶ ሳይሆን ከከረጢቱ ይሰርቅ ስለ ነበር እንደሆነ ይነግረናል። ኢየሱስ የመለሰው «ድሆች ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ናቸው» የሚለው ቃልም ከዘዳግም 15 የተወሰደ ነው። እዚያ ቀጥሎ ያለው «ስለዚህ እጅህን ለድሃው ክፈት» የሚል ነው። ብዙ ሰው ፊተኛውን ይዞ ኋለኛውን ይጥለዋል።

አንድ ነገር ብቻ ይቆረቁረኛል፤ ልመናውም ምጽዋቱም በእርሱ ስም ብቻ ቢሆን ባይ ነኝ።


ባለ አኩፋዳ
ኅዳር 19፣ ማታ 2፡09

የሽቱውን ነገር ጥሩ አድርገህ ነገርኸን። የስሟን ነገር ግን ተወው ወንድሜ፤ በልቼበት አድጌአለሁ።


አወያይ
ኅዳር 19፣ ማታ 2፡30

በሃይማኖቶች መካከል ያለው ልዩነት ለዚህ ክር አይደለም። ከዚህ በኋላ የሚቀጥል ካለ ይነሣል። ስለ ትብብራችሁ አመሰግናለሁ።


የሌሊት ተረኛ
ፍኖተ ሰላም፤ ኅዳር 20፣ ሌሊት 8፡50

ነርስ ነኝ፤ ተረኛ ስሆን ነው የማነብበው። ሁላችሁም ስለ ልጁ ጻፋችሁ፤ «የተኛሁ መስዬ ዝም እላለሁ» ያለችውን ማንም አላነሣላትም። እኔ ላንሣው፣ ምክንያቱም አውቀዋለሁ።

እህቴ፣ ርኅራኄ ስሜት ብቻ ከሆነ በሦስተኛው ሌሊት ያልቃል። ይህ የአንቺ ክፋት አይደለም፤ ስሜት እንደ ፋኖስ ጋዝ ነው። ሥራ ስጀምር ታካሚ ባየሁ ቁጥር አለቅስ ነበር። በዓመቱ ቁስል እያጠብሁ ስለ ቤት ኪራይ አስብ ጀመር። ደረቅሁ። አንድ ጊዜ አስታማሚ የሌለው ሽማግሌ ገባ፤ ጠረኑ ከበር ያስመልሳል፣ በዚያ ላይ ተሳዳቢ ነው። ልወደው ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። ውሸት አልናገርም፣ እስኪሞት ድረስ አልወደድሁትም። ግን «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» የሚለውን አሰብሁና በልቤ «ጌታዬ፣ ለዚህ ሰው ብዬ አይደለም፤ ላንተ ብዬ ነው» አልሁ። በየሌሊቱ ገላበጥሁት። የጠያቂዋ ወንድም «መሰላል አደረግሽው» ይለኝ ይሆናል። ያ ሽማግሌ ግን ጀርባው ሳይቆስል ነው የሞተው። ሰው ስለሆነ ብቻ ይረዱታል የተባሉት ሰዎች በዚያ ሳምንት አልመጡም።

ይህን ካልሁ በኋላ እንደ ነርስ ልቆጣሽ። ሦስት ዓመት ብቻሽን? ይህ ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ትንሽ ትዕቢትም አለበት፤ በራሴ ስላየሁት ነው የምለው። ጌታ እንኳን በማርቆስ ወንጌል መጀመሪያ ላይ፣ ማታ ከተማው ሁሉ ከደጅ ተሰብስቦ ብዙዎችን ከፈወሰ በኋላ፣ ሌሊት ተነሥቶ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ሄዶ ጸለየ። «ሁሉ ይፈልጉሃል» ሲሉት አልደነገጠም። አንቺም ለወንድምሽ ብር ብቻ ሳይሆን ሌሊት እንዲልክ ንገሪው። ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ አገላብጫት፤ ተረከዟ አልጋውን እንዳይነካ ከባቷ ሥር ትራስ አድርጊ። መቅላት ካየሽ አትሺው።


ገለልተኛ
ኅዳር 20፣ ጠዋት 3፡10

የሌሊት ተረኛዋ ያለችው ከበደኝ። እውነቱን ልናገር፤ ለአጎቴ ያዘንሁትን ያህል እኔም አልጠየቅሁትም ነበር። ተማሪ ነበርሁ፣ ባሕር ዳር። ሰበብ አለኝ ብዬ ነበር።

ግን አንድ ጥያቄ አልተመለሰም። እግዚአብሔርን ሳያውቁ ለሰው የሚሞቱ ሰዎች አሉ። ሥሩ እግዚአብሔርን መውደድ ከሆነ የእነርሱ ርኅራኄ ከየት በቀለ?


መምሬ ዘእነማይ
ኅዳር 20፣ ቀን 7፡25

ከዚያው ነው የምለው። የካይሮ ሰው ዓባይን ይጠጣል፤ ሰከላ ወጥቶ ምንጩን ግሽ ዓባይን አላየም፤ ስሙንም ላይሰማ ይችላል። ውኃው ግን ውኃ ነው፤ ጥሙንም ይቆርጣል። ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥሯልና ምንጩን ባያውቅም ይቀዳል።


ካርታ ወዳጅ
ኅዳር 20፣ ቀን 7፡40

መምሬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጂኦግራፊ መምህር ነኝና ዝም ማለት አልቻልሁም። ከግሽ ዓባይ የሚነሣው ውኃ ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው። ዓባይን ዓባይ ያደረጉት በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ደዴሳ፣ ዳቡስ፣ በለስ ናቸው። የጠያቂዋ ጨሞጋም ገብታበታለች።


መምሬ ዘእነማይ
ኅዳር 20፣ ቀን 8፡02

ተሸንፌአለሁ። ምሳሌዬን ወንዝ ወሰደው።


ገለልተኛ
ኅዳር 20፣ ቀን 8፡06

በዚህ መድረክ ካህን ሲሸነፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ መምሬ፣ ወደድሁዎት።


አናጢው
ሞጣ፤ ኅዳር 20፣ ማታ 1፡15

እኔ የተማርሁ አይደለሁም፤ ቤት እሠራለሁ። የመምሬ ወንዝ ከሄደ የእኔን ጣሪያ ተዋሱ። ክብ ቤት ስንሠራ ወራጆቹ ከግድግዳው ላይ ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ በሁለቱ መካከል ሰው ያልፋል። ወደ ምሰሶው ጫፍ ስትወጣ ግን እየተጠጋጉ ይሄዳሉ፤ ጉልላቱ ሥር እጅህን አታስገባም። ወራጅን ከወራጅ ግድግዳው ላይ ላገናኝ ብትል ጣሪያው ይፈርሳል። ሁሉንም ወደ ምሰሶው ማስኬድ ነው ያለብህ፤ ያኔ እርስ በርስ ራሳቸው ይገናኛሉ። የተሠራ ክብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገብቶ ቀና ያለ ሰው ያየዋል።


ባለ አኩፋዳ
ኅዳር 20፣ ማታ 1፡32

አናጢው፣ «የተማርሁ አይደለሁም» ያልኸውን አንሣው። ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት በፊት በጋዛ ገዳም የነበረ ዶሮቴዎስ የሚባል አባት ይህንኑ በክብ ሥዕል አስተምሮታል፦ መካከሉ እግዚአብሔር ነው፤ ከዳር ወደ መካከል የሚሄዱ መስመሮች ወደ እርሱ በቀረቡ መጠን እርስ በርስ ይቀራረባሉ፤ ከእርሱ በራቁ መጠንም ይራራቃሉ። እርሱ መስመር ነው የሣለው፤ የአንተ ዝናብ ይከላከላል።


ወለተ ሰንበት
ቡሬ፤ ኅዳር 20፣ ማታ 3፡45

አያቴ ሳነብብላት ቆይታ «ይህን ጻፊ» አለችኝ፤ ቃሏን እንዳለ ነው የምጽፈው።

«ለዚያች አስታማሚ ንገሪያት። በላዔ ሰብእን ታውቀው የለም? ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ ነው፤ የገዛ ቤተ ሰቡን ሳይቀር። ያ ሰው ርኅራኄ ነበረው? አልነበረውም። አልቆበት ነበር፤ እርሷ አለቀብኝ ካለችው ይልቅ አልቆበት ነበር። ለምጽ የያዘው ምስኪን ውኃ ሲለምነው ቁስሉን አይቶ አላዘነለትም። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ነው ጥርኝ ውኃ የሰጠው። ልቡ ደንጊያ ሆኖ አንድ ቦታ ብቻ አልደረቀም ነበር፣ የስሟ ቦታ። በዚያች ነው ውኃው የወጣው። እርሷም ለእናቷ የሚሆን ርኅራኄ ልቧ ውስጥ ትፈልግና ታጣዋለች፤ አትፈልግ። የምትወደውን ስም ትጥራና ትነሣ። ስትነሣ እግሯ ካልታዘዘላት ዱላ ትያዝ።»

ስለ ዱላው ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቅኋት፤ «ሌሊት ጨለማ ነው» አለችኝ።


ገለልተኛ
ኅዳር 20፣ ማታ 3፡58

ሰባ ስምንት ነፍስ በጥርኝ ውኃ ተሰረዘ ማለት ግን…


አወያይ
ኅዳር 20፣ ማታ 4፡00

ገለልተኛ፣ ለሌላ ክር።


የጨሞጋ ልጅ
ኅዳር 21፣ ማታ 2፡10

ዛሬ ጽዮን ማርያም ናት፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ተመለስሁ። ሁላችሁንም አነበብሁ፤ ለእናቴም አነበብሁላት፤ የተኛሁ መስዬ ያልሁትን ብቻ ዘለልሁት። ስዘለው ዓይኔን አየችኝ። የምታውቅ ይመስለኛል፤ ድሮም ታውቅ ነበር።

ጾሙ ከገባ ጀምሮ ኢሳይያስ 58ን ማንበብ ልማዴ ነው። እንጀራህን ለተራበ ቁረስ የሚለውን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ለእኛ ቤት የተጻፈ እየመሰለኝ በኩራት አነብበው ነበር። በዚያው ቁጥር መጨረሻ ላይ «ከሥጋ ዘመድህ እንዳትሸሽግ» የሚል አለ። በየዓመቱ አልፌው ሄጃለሁ።

ወንድሜ ትናንት ማታ ደወለ። መንገዱ ከተከፈተ ቅዳሜና እሑድን መጥቶ እርሱ ያድርላታል። ስለ ክርክሩ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ትራሱ ስንት መሆን እንዳለበት ብቻ ጠየቀኝ። ስለዚህ ማንኛችን እንደ ረታን አላወቅሁም።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናቴ ተጣራች። እማማ ዘቡሬ እንዳሉት ስሙን ጠርቼ ተነሣሁ። በልቤ ምንም አልነበረም፤ ደስታም፣ እንባም። ብርድ ብቻ። አገላበጥኋት፣ አጠጣኋት፣ ተመልሼ ተኛሁ።

ጠዋት እንጀራውን ይዤ ከበሩ ቆየሁ። የመጣው ያ ልጅ አይደለም፤ ሌላ፣ ከእርሱ የሚበልጥ ተማሪ ነው። አገሩንና እናቱን ጠየቅሁት፤ ጉንጬ ቀላ፣ እንደ ባልቴቷ አልቻልሁበትም። ስለዚያኛው ስጠይቀው «ወደ ጎንጅ ተሻግሯል፤ ቅኔ ሊቀጽል» አለኝ። ሁለት እንጀራ ነበር የያዝሁት፣ ሁለቱንም ሰጠሁት። አንዱን ለእርሱ አድርስልኝ እንዳልለው ሩቅ ነው።


ባለ አኩፋዳ
ኅዳር 21፣ ማታ 2፡24

የልጁን ስምና የመምህሩን ስም ጠይቂልኝና በውስጥ መልእክት ላኪልኝ። በጥር ወደ ጎንጅ የሚያወርደኝ ጉዳይ አለ። እንጀራ አይደርስም፤ ድርቆሽ አድርጊው፣ ጨውና በርበሬ አይነሰው። እናቴ የቋጠረችውን ስድስት ቀን ተሸክሜ የበላሁበት ጊዜ አለ፤ እኔም እንዲሁ አደርስለታለሁ።